በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚደረግ የአእዋፍና የዱር እንስሳት ምልከታ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚደረገው የዱር ሕይወት ምልከታ፣ መተዳደሪያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን በሚኖሩበት ቦታ እየተከታተሉ፣ ያዩትን ከቀኑ፣ ከቦታውና ከብዛቱ ጋር ጽፈው የሚያቆዩበት ልማድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ የእንጦጦ ተራራም ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በየትም ዓለም የማይገኙ ብዙ ወፎች እዚህ ከአጥር ግቢ ሳይወጡ ይታያሉ። በኢትዮጵያ እስካሁን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ከሚመጡላቸው መካከል አንዳንዶቹን የከተማው ነዋሪ በየማለዳው ቀና ብሎ ሳያያቸው ያልፋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ የደጋ ቁራ ነው። ከራስ ቅሉ ጋር ሲታይ ያለ ልክ ገዝፎ የሚታየው ምንቃሩ ከላይ በኩል የጎበጠ፣ ጫፉ ብቻ ነጣ ያለ ነው። ከብቶች ባደሩበት ሜዳ ላይ ሲመገብ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው፣ እበቱን በመጫር ፈንታ ምንቃሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ ማጭድ እያወናጨፈ ሲበትነውና ከውስጡ የጥንዚዛ እጮችን ሲለቅም ይታያል። ከእርሱ ባልተናነሰ የሚታወቀው፣ በቡድን እየበረረ ገና ጎሕ ሲቀድ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለው ወፍ ሲሆን፣ ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለችው ሥጋና በክንፉ ላይ የሚታየው ነጭ መለያዎቹ ናቸው። ይህም ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይኖርም፤ ሣሩ አጠር ባለ መስክ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ትል ሲለቅም ግን በቅርብ ርቀት ማየት ይቻላል።

ልማዳዊ ዕውቀትና የተመዘገበ ምልከታ ፊት ለፊት ከሚገናኙባቸው ጉዳዮች ዋነኛው የመስቀል ወፍ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ» የሚባለው፣ ወፉ መስከረም 17 አካባቢ መጥቶ ከዚያ በኋላ የሚጠፋ ስለሚመስል ነው። ስሙ እንደየአካባቢው ለተለያዩ ትንንሽ እህል በል ወፎች የሚሰጥ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ጀርባው ቢጫ የሆነው፣ እንዲሁም ቀይ ምንቃርና ከሰውነቱ የሚረዝም ጥቁር ጅራት ያለው ይገኙበታል። እነዚህ ወፎች ከሩቅ አገር የሚመጡ አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ማሳ ዳር የሚኖሩ ሲሆን፣ በበጋ ወንዱ እንደ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሚሆን ከተራ ድንቢጥ ለይቶ የሚያየው ሰው የለም። ክረምቱ ሣሩን አሳድጎ ዘር ሲያሲዘው የመራቢያ ጊዜያቸው ይደርሳል፤ ወንዱም ላባውን ቀይሮ በደመቀ ቀለም ይወጣል፤ ይህም ከአደይ አበባ ጋር ይገጥማል። ጅራተ ረጅሙ በተለይ ጎጆ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ሴቷ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፣ ጫጩቶቹንም ባለጎጆዎቹ ከራሳቸው ልጆች ጋር ይቀልባሉ። ሕዝቡ የወቅቱን መግጠም በትክክል አይቷል፤ የቀረው ወፉ በቀሪዎቹ ወራት የት እንዳለ ማወቁ ነበር፣ ያንን ደግሞ የሚመልሰው አንዱን ማሳ ከጥር እስከ ነሐሴ ሳያቋርጥ የተከታተለ ሰው ነው።

በእውነት የሚመጡና የሚሄዱ ወፎችም አሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹት ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ አብዛኞቹም እስከ ሚያዝያ ድረስ ተመልሰው ይሄዳሉ። በሱሉልታ ሜዳ ከከብቶች እግር ሥር እየተሯሯጡ ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ባለ ቢጫ ደረት ወፎች ከእነዚህ ናቸው።

የቄራና የቆሼ አካባቢዎች የጥንብ አንሳዎች መሰብሰቢያ ሆነው ኖረዋል። በከተማዋ ሰማይ ከሚታዩት ጥንብ አንሳዎች ሦስቱ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቷቸዋል። በደቡብ እስያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብቶች ሕክምና ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ በድኑን የበሉትን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት በመጉዳት አንዳንዶቹን ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ ቀንሷቸዋል፤ በአፍሪካ ደግሞ ለአውሬ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ዋናው ገዳያቸው ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ያደሩትን ጥንብ አንሳዎች በየሳምንቱ ቆጥሮ መጻፍ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ ስንት እንደነበሩ የጻፈ ከሌለ መቀነሳቸውን በቁጥር ማሳየት አይቻልም።

ከተቋማት መካከል እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ቀዳሚው ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ለይቶ ያወጣ ሲሆን፣ እንጦጦ፣ ገፈርሳ፣ ሱሉልታ፣ የመናገሻ ደን እንዲሁም የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቁ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ግድብ ሲሆን፣ የአገሪቱ ብቻ የሆነውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማየት ይመቻል፤ ዝዩ ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ይለያል፣ ሰማያዊው ቀለም ግን ክንፉን ካልዘረጋ በደንብ አይታይም። በመናገሻ ደን በጥንታዊ ጽዶች መካከል ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖራሉ። አባ ሳሙኤል በአቃቂ ወንዝ ብክለትና በእንቦጭ የተጎዳ ቢሆንም የውሃ ወፎች አልተዉትም።

ከሁሉም የሚልቀው የአካባቢ ነዋሪዎች ተሳትፎ የሚታየው ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረጋማ ሜዳ ነው። በዚያ በክረምት የምትራባው፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ ከኢትዮጵያ ሌላ በዋናነት የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት። በሣር ውስጥ እየተሽሎከሎከች ስለምትኖር ሳይረግጧት በፊት አትነሣም፤ ስለዚህ ጎጆዋን ለማግኘት ሜዳውን በእግሩ የሚያውቅ እረኛ ዓይን ከባለሙያው ዓይን አያንስም። የአካባቢው ነዋሪዎች ለጥበቃው የራሳቸውን ቡድን አቋቁመዋል፤ ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቷል።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ከተገኘ ባይኖኩላር ነው። እንደ ኢበርድና አይናቹራሊስት ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች በነፃ የሚገኙ ሲሆን፣ የአንድ ሰው ምዝገባ ከሌሎች ጋር ተዳምሮ ለተመራማሪዎች እንዲደርስ ያስችላሉ። በጎጆ አጠገብ ብዙ መቆም ወይም ወፏን ለማውጣት የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ማሰማት እንቁላሉን ለብርድና ለቁራ ያጋልጣል። በግድብና በመንግሥት ተቋም አጠገብ ባይኖኩላር አንሥቶ መቆም ደግሞ የጥበቃ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ ለዘበኛው አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ከአጥቢዎች ለከተማው ሰው በጣም የሚቀርበው ጅብ ነው፤ ሌሊት ከእንጦጦና ከወንዝ ዳር ሸለቆዎች ወደ ቆሻሻ መጣያዎች ይወርዳል። የሚቆረጥመው አጥንት በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል፤ በውስጡም ያልተፈጨ የእንስሳት ጠጉር ይቀራል። በትግራይ ተመራማሪዎች ይህን ጠጉር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ሰው ሥጋ በሚተውባቸው ሳምንታት የሥጋ ቤት ትራፊ ስለሚቀንስ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። ጾሙ በደጋው በሰፊው የሚጾም በመሆኑ ተመሳሳይ ምልከታ በአዲስ አበባ ዙሪያም ሊደረግ ይችላል፤ የጠጉሩን ዓይነት ለመለየት ማይክሮስኮፕ ቢያስፈልግም፣ የጅቡን ጩኸት ሰዓትና አቅጣጫ፣ በጾምና በፍስክ ወራት የተበሉትን የሰፈር አህዮች ብዛት መመዝገብ ግን የማንኛውም ነዋሪ አቅም የሚፈቅደው ነው።