የንፋስ ድምፅ ምንድን ነው? የመኪና ጉዞ ቪዲዮን የሚያበላሸው ጩኸት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነስተን የዓባይን በረሃ እየወረድን ነው። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ኩርባ በኩርባ። መኪናዋ የጓደኛዬ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ፍሬኑ እንዳይግል በሁለተኛ ማርሽ ይዟታል። ሞተሩ ያጓራል፣ ድምፁ ገደሉን መትቶ ይመለሳል። እኔ ስልኬን በመስኮት አውጥቼ እቀርፃለሁ። ደጀን ደርሰን ሻይ አዝዘን ቪዲዮውን ከፈትነው። ምስሉ አንደኛ ነው። ድምፁ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ “ፍርርርርር” ብቻ። ሞተር የለ፣ ወሬ የለ። ጓደኛዬ “ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የቀረፅከው?” አለኝ።

ያ “ፍርርርር” የንፋስ ድምፅ ይባላል። ስሙ ግን ትንሽ ያሳስታል። ጩኸቱ ከውጭ መጥቶ ማይኩ የሰማው ድምፅ አይደለም። እዚያው ማይኩ ላይ የሚወለድ ነው።

አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። የስልካችሁን መቅጃ ክፈቱና ማይኩ ላይ በቀስታ እፍ በሉበት። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም። ቅጂውን ስታዳምጡ ግን ነጎድጓድ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማይክ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ በጣም ቀጭን ሽፋን አለ። ድምፅ ማለት የአየር ግፊት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ሽፋኑ ያንን እየተከተለ ይንቀጠቀጣል። ችግሩ፣ ግፊቱ ከሰው ጉሮሮ ይምጣ ከንፋስ መለየት አይችልም። ንፋስ የማይኩን ወይም የስልኩን ጠርዝ ሲመታ ይበታተንና ትንንሽ አዙሪት ይሠራል። እያንዳንዱ አዙሪት ሽፋኑን ይገፋል። ግፊያው ደግሞ ከንግግር ግፊት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፍጥነት ሲጨመርማ አይጣል ነው። የንፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፣ በካሬው ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የነበረው ግፊት 80 ስትገቡ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ሰው “በኋላ በኤዲቲንግ አስተካክለዋለሁ” ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ዲጂታል ቅጂ ጣሪያ አለው። ዜሮ ዴሲቤል ይባላል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)። ድምፁ ጣሪያውን ሲነካ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። የተቆረጠው ነገር ደግሞ አልተቀረፀም፣ ስለዚህ የሚመለስ ነገር የለም። ስልኮች ይህን ለመከላከል የድምፁን መጠን በራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ያኔ ደግሞ ንፋሱ በመጣ ቁጥር የሰውየው ወሬ ይሰምጣል፣ ንፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ብቅ ይላል። ማዳመጥ አይቻልም። የድምፁን መጠን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል መቅጃ ካላችሁ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጉት። ለድንገተኛ ክላክስ ቦታ ይተርፋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ለካሜራ ጥሩ የሆነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለማይክ መጥፎ ነው። ካሜራ ወጣ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ማይክ ገባ ብሎ መደበቅ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ መሣሪያ፣ ስልክም ይሁን ትንሽ የስፖርት ካሜራ፣ ከሁለት አንዱን ያጎድላል። ስለዚህ ለዩዋቸው።

መለየት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሎድ ለሉሽ ንጋት ላይ ፓሪስን በመኪና አቋርጦ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ሠራ። ካሜራው ፊት ለፊት ታስሮ ነበር። ሰዎች ለዓመታት ድምፁን እየሰሙ “ይህቺማ ፌራሪ ናት” ሲሉ ኖሩ። ድምፁ እውነትም የፌራሪ ነው። የተነዳችው መኪና ግን መርሴዲስ ነበረች። የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው ለስላሳ ሰስፔንሽኗ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ስለሚረዳ ነው የተመረጠችው። ድምፁ ከፌራሪ ተወስዶ በኋላ ተገጠመበት። እንደሱ አጭበርብሩ አልልም፣ የራሳችሁን መኪና ድምፅ ግን ለብቻው መቅረፅ ሙሉ መብታችሁ ነው።

ታዲያ ማይኩን የት እናድርገው? ሹፌሩ የሚያወራ ከሆነ የኮሌታ ማይክ ይበቃል። እኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ የሹፌሩ ቀበቶ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዳሌ ይወርዳል። ማይኩን ቀኝ ኮሌታ ላይ አድርጉት። ግራ ላይ ከሆነ ቀበቶው እየታከከ “ሽክ ሽክ” ይላል፣ ያንን ደግሞ ማንም አያጠራላችሁም። የአየር ማቀዝቀዣውንም አትርሱ። እሱም ንፋስ ነው። አፉን ከሹፌሩ ደረት ወደ እግር አዙሩት።

የሞተሩን ድምፅ ከውስጥ ከፈለጋችሁ ትንሽ መቅጃ ከፊት ተሳፋሪው እግር ስር ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ከሞተሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ማቀዝቀዣው ወደዚያ ካልነፋ ንፋስም የለም። የማርሚታውን ድምፅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ሂዱ። መኪና ሲሄድ ከኋላዋ አየሩ ትንሽ የሚያርፍበት ጥግ አለ። ማይኩን ታርጋው አካባቢ፣ ፓራውልቱ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ እሰሩት። ከጭስ ማውጫው አፍ ፊት ለፊት ግን አታድርጉት። ትኩስ ጋዝ ራሱ ንፋስ ነው፣ ማይኩንም ያቃጥላል።

ውጭ ላይ የሚታሰር ማይክ ሁሉ ልብስ ያስፈልገዋል። ስፖንጅ ለቀላል ንፋስ ነው። ፀጉራሙ ልባስ ይሻላል። ፈረንጆቹ “የሞተች ድመት” ይሉታል፣ ስታዩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ፀጉሩ ንፋሱን ሽፋኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያደክመዋል። ግን ተአምር አትጠብቁ። ኮፈን ላይ በ80 ፍጥነት ድመቷም አትችለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የንፋስ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ መቅጃዎች ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ አላቸው። ለንግግር ግሩም ነው። ለሞተር ግን ተጠንቀቁ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈነዳል። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ፍንዳታ ነው፣ ማለትም 100 ኸርዝ። በ1,500 ዙር ደግሞ 50። ማጣሪያውን ከከፈታችሁ የሞተሩን ሆድ ቆርጣችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። የሚቀረው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቀጭን ነገር ነው።

መስኮትም የራሱ አመል አለው። የኋላ መስኮት ብቻውን ተከፍቶ ፈጠን ስትሉ “ዉብ ዉብ ዉብ” እያለ ጆሮ የሚመታውን ታውቁታላችሁ? ያ ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ የምንሰማው ነገር ወንድም ነው። መኪናዋ ጠርሙሱ ናት። ሌላ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ ወዲያው ይጠፋል። ወይም ሁሉንም ዝጉ። የዓባይ በረሃ ሙቀት ላይ መዝጋት ቀልድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለአሥር ደቂቃ ቻሉት።

ወደ ካሜራው እንምጣ። እኔ የምወደው ቦታ ከሹፌሩ ጀርባ፣ የራስ መደገፊያው ብረት ላይ፣ ወደ መኪናው መሃል በኩል ነው። መሪውን፣ እጁን፣ ማርሹን፣ መንገዱን ሁሉ ያሳያል። ተመልካቹ ራሱ የሚነዳ ይመስለዋል። ብርሃኑን መንገዱ ላይ ለክታችሁ ቆልፉት፣ አለበለዚያ ካሜራው ጨለማውን ዳሽቦርድ አይቶ ውጩን ነጭ ያደርገዋል። መስታወት ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ሌንሱን እስከምትችሉት ወደ መስታወቱ አስጠጉት፣ ዳሽቦርዱ ላይም ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ። መስታወቱ ላይ የሚታየው ነጸብራቅ የዳሽቦርዱ ነው። እዚያ ላይ የተረሳ ነጭ የፓርኪንግ ደረሰኝ ስንት ቪዲዮ አበላሽቷል!

የካሜራውን የምስል ማረጋጊያ ደግሞ አጥፉት። እንግዳ ምክር ይመስላል። በመኪናው አካል ላይ በደንብ የታሰረ ካሜራ ከመኪናው ጋር አብሮ ይዘነበላል። ካሜራው ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ግን “ተንቀጠቀጥኩ” ብሎ ያስብና ዓለምን ለማቆም ይሞክራል። ያኔ ዳሽቦርዱ ውሃ ላይ እንዳለ ጀልባ ይዋኛል። ጠንካራ ማሰሪያ ከማረጋጊያ ይበልጣል። ውጭ የለጠፋችሁትን ሁሉ ደግሞ በሲባጎ ሁለተኛ እሰሩት። ከኋላችሁ ሰው አለ። ሹፌሩ ካሜራ አይነካም፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ድምፅና ምስል ለየብቻ ሲቀረፁ የሚያገናኛቸው ጭብጨባ ነው። ሁለቱም ከተከፈቱ በኋላ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። እጆቹ የሚገጥሙበትን ምስልና የድምፁን ጫፍ አንድ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ማይኩ ኋላ ስለሆነ ድምፁ ይዘገያል ብላችሁ አትጨነቁ። በሰከንድ 25 ምስል በሚቀርፅ ካሜራ አንድ ምስል እስኪያልፍ ድምፅ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዲኤክስ የዚህን ሲሶ እንኳ አትረዝምም።

ሁለተኛ ጊዜ ስንወርድ መቅጃው እግሬ ስር ነበር። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ጓደኛዬ ኩርባ ላይ የሚያጉረመርማት ስድብ ሳትቀር። እሷን ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። በቅርቡ በአንዷ ስቀርፅ እግሬ ስር ያስቀመጥኩት መቅጃ ምንም ሞተር አልያዘም። የያዘው የጎማ ድምፅ፣ የመስታወቱን ጠርዝ የሚታከክ አየር፣ እና መታጠፊያ ላይ ቀጭ ቀጭ የምትል ፍሬቻ ነው።