በሬ ካራጁ ይውላል፦ ሞኝ ያልነበረው በሬ

ሰሞኑን ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን ነበር። ቴሌቪዥኑ የበረዶ ሆኪ ያሳያል። አንድ ተጫዋች ለሌላ ክለብ ተላልፎ መሰጠቱ ተነገረ። አጠገቤ የነበረው ወዳጄ ሳቀና «በሬ ካራጁ ይውላል! ምን ዓይነት ሞኝ ነው!» አለ። ሞኝ ማለቱ አልዋጥልኝ አለ።

ተረቱን እንዲህ የሚጠቀምበት ሰው በዝቷል። ቢሮ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ፖለቲካ ሲወራ። ጠላቱን መለየት ያቃተው ጅል ሁሉ በዚህ ተረት ይሰደባል። እኔ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር ግን እንዲህ በሳቅ አይነገርም ነበር።

የገበሬ በሬ ስም አለው። የአያቴ በሬዎች ቡሬና ዳልቻ ይባሉ ነበር። አያቴ እርፉን ጨብጠው «ና ቡሬ!» ሲሉ ቡሬ ጆሮውን ያቆማል፤ ዳልቻ ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጅራፉ አየር ላይ ይጮኻል እንጂ ብዙም አያርፍባቸውም። የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ያን ሁሉ ቀን ሰውየውና በሬዎቹ አብረው ይውላሉ። ጠዋት ቀንበሩን የሚጭኑባቸው አያቴ ናቸው። ማታ ጭዱን የሚያቀርቡላቸው፣ ቀንበር የላጠውን ጫንቃቸውን ቅቤ የሚቀቡላቸውም እሳቸው ናቸው።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ደግሞ እንደሱ ካለ ጎረቤት ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ይሉታል። የሁለት ቤት በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዱና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። የማንን መሬት እንደሚያርስ በሬውን የሚጠይቀው የለም።

ከዚያ በሬው ያረጃል። ጥርሱ ያልቃል። ትልሙን ጨርሶ መዞር ያቅተዋል። ያኔ ቀንበሩ ይወርድለትና ቤት ይታሰራል። የጠላና የአረቄ አተላ ይቀርብለታል። ልጆች ሣር ያጭዱለታል። ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ የማሽላ አገዳ በእጃቸው እያጎረሱ የሚያደልቡ ገበሬዎች አሉ። በሬው በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ሰሞን ተመችቶት አያውቅም። ፋሲካ ሲደርስ ለቅርጫ ይታረዳል።

ማን ያርደዋል? የተረቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገጠር ሉካንዳ ቤት የለም። አራጅ ተብሎ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ባዕድ የለም። ቢላዋውን የሚይዘው ያው አራሹ ነው፤ ካልሆነም የመቀናጆ ጓደኛው። ዳልቻን ያረዱት አያቴ ራሳቸው ናቸው። ጎረቤት ሊያግዛቸው ሲል «ያረስኩበት እኔ ነኝ» ብለው ቢላዋውን አልሰጥም አሉ።

ስለዚህ ተረቱ የወጣው ከገበሬ ቤት ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። መጀመሪያ የተናገረው ሰው በበሬው አልሳቀበትም። የገዛ እጁን አይቶ ነው የተናገረው። እንዲያውም መጀመሪያ ያለችው አተላውን የምታቀርበው የቤቱ እመቤት ትመስለኛለች። እያበላች፣ ለምን እንደምታበላ የምታውቀው እሷ ናትና።

አሁን ወደ ሆኪው ልመለስ። ማይክ ሲሊንጀር የሚባል ካናዳዊ ተጫዋች ነበር፤ የሰስካችዋን ልጅ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1989 ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ዲትሮይት በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ከዚያ ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ውስጥ በ17 የውድድር ዘመን ለ12 ክለቦች ተጫወተ። ክብረ ወሰን ነው። ዲትሮይት፣ አናሃይም፣ ቫንኩቨር፣ ፊላደልፊያ፣ ታምፓ ቤይ፣ ፍሎሪዳ፣ ኦታዋ፣ ኮለምበስ፣ ፊኒክስ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ናሽቪል፣ በመጨረሻም ኒው ዮርክ አይላንደርስ። በ2003 ኮለምበስ ለዳላስ ሰጠው። ዳላስ ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳያጫውተው ለፊኒክስ አሳለፈው።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ይህ ይገርማል። እግር ኳስ ላይ ተጫዋቹ ካልፈረመ ዝውውር የለም። ሆኪ ላይ ግን ውሉ ውስጥ ከልካይ አንቀጽ ካልገባ በቀር ማንም አይጠይቀውም። ስልክ ይደወላል፤ ሻንጣ ይታሰራል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። ያንን አንቀጽ በአብዛኛው የሚያገኙት ኮከቦች ናቸው። ሲሊንጀር ኮከብ አልነበረም። ዳኛው ፓኩን (እንደ ኳስ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ጎማ) ሲጥል ቀድሞ የሚነጥቅ፣ ቡድኑ አንድ ሰው ሲጎድልበት የሚከላከል፣ የማይታክት ሠራተኛ ነበር። 1,049 ጨዋታ ተጫውቷል። 240 ጎል አግብቷል። የዝውውሩ መዝጊያ ቀን በየዓመቱ ሲቃረብ ዛሬ ትከሻውን መታ መታ የሚያደርገው አለቃ ነገ ሊሰጠው እንደሚችል ያውቃል። እያወቀ በረዶው ላይ ይወጣል። ይሄ ሞኝነት ነው? እኔ ከዚህ በላይ የሥራ ክብር አላውቅም።

ኮከብ መሆንም ሁልጊዜ አያድንም። የሆኪው ታላቅ ኮከብ ዌይን ግሬትዝኪ የካናዳውን ክለብ ኤድመንተንን ለአራት የስታንሊ ዋንጫ፣ ማለትም ለሊጉ ሻምፒዮንነት፣ አብቅቶ፣ በኦገስት 1988 ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥ ጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ። የሰጠው የኤድመንተን ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን ነበር። ሰውየው ጌይነርስ የሚባል የሥጋ ፋብሪካም ነበረው። ይህን ሳውቅ የተረቱ እውነትነት ሰውነቴን ነው ውርር ያደረገኝ።

ሞኝን መንቀፍ ለፈለገ ሌላ ተረት አለን። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይበል። ያኛው በሬ ሆዱን ተከትሎ በራሱ እግር ነው ገደል የገባው። ካራጁ የሚውለው በሬ ግን ሥራ ላይ ነው። ሁለቱን እያምታታን በየስብሰባው የምንወረውራቸው ነገር ያሳዝነኛል። ዕድሜውን የሰጠው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያሰናበተውን ሰው ስታዩ፣ ተረቱን መናገር ካማራችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ንገሩት። ከጀርባው እየተሳሳቃችሁ ግን ተዉት።