ሽልሻሎ ምንድን ነው?

ሽልሻሎ ማለት ማሽላው ወይም በቆሎው ከበቀለ በኋላ፣ ገና ከጉልበት በታች ሳለ፣ ማሳውን በበሬ እንደገና ማረስ ነው። ማረሻው በቡቃያው መካከል ይሄዳል። ድግሩ (ከማረሻው ጎንና ጎን ያሉት ሁለት እንጨቶች) ግራና ቀኝ የሚገፋው አፈር የተክሉን ግርጌ ያቅፋል፤ መካከሉ ቦይ ይሆናል። ብዙ ሰው አረም ማጥፊያና የተጠቀጠቀ ሰብል ማሳሻ አድርጎ ነው የሚያየው። ስህተት አይደለም። እንደ ራያ ቆቦ፣ ሚኤሶና መካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ባሉ ዝናብ አጠር አካባቢዎች ግን ትልቁ ጥቅሙ ውሃ ነው።

ከዘር በኋላ የሚጥለው ከባድ ዝናብ ባዶውን አፈር ይደበድበዋል። የተሰባበረው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ሲደርቅ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ቀጣዩ ዝናብ ታዲያ ሳይሰርግ በላዩ ሸርተት ብሎ ይሄዳል። ሽልሻሎ ይህን ቅርፊት ይሰብራል፣ ለውሃውም ማረፊያ ይሠራለታል። መስመሮቹ በ75 ሴ.ሜ ተራርቀው፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው ባለ ሦስት ማዕዘን ቦይ 40 ሴ.ሜ ስፋትና 10 ሴ.ሜ ጥልቀት ቢኖረው፣ በደልዳላ መሬት ላይ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል። ስፋቱ 50፣ ጥልቀቱ 15 ሴ.ሜ ሲደርስ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር።

ይህ ስሌት የሚሠራው ውሃው ቦዩ ውስጥ ከቆመ ብቻ ነው። ቦዩ ቁልቁል ከወረደ ሽልሻሎ የጎርፍ መንገድ ቀደደ ማለት ነው፤ በዚያው ክረምት ቦረቦር ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ተዳፋቱን አግድም ይታረሳል፤ እርከን ካለ እርከኑን ተከትሎ። አግድም የታረሰ ቦይም ቢሆን ጥቂት ማዘንበሉ አይቀርም፣ በየመሃሉ በአፈር መዝጋት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የቦዩ ዝንባሌ 3 በመቶ ሆኖ መዝጊያዎቹ በ5 ሜትር ከተራራቁ፣ የታችኛው ጫፍ ከላይኛው በ15 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል። የ15 ሴ.ሜ መዝጊያ ሞልቶ ሲፈስ የላይኛው ጫፍ ገና ደረቅ ነው። እንዲህ ባለ ቦይ ከ1 እስከ 2 ሜትር ማቀራረብ ይሻላል። መዝጊያው ከመደቡ፣ ማለትም በተክሉ ግርጌ ከተከመረው አፈር፣ ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ትርፉ ውሃ መደቡን ሰብሮ ቁልቁል ይሄዳል፣ አንድ መደብ ከተሰበረ ደግሞ ከሱ በታች ያሉት ይከተላሉ።

ጊዜው ጠባብ ነው። ማሽላ ከበቀለ ከ25 እስከ 35 ቀን፣ ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ ሲሆን ይመቻል። እስከ አንድ ወር ገደማ የማሽላው የእድገት ጫፍ ከአፈር በታች ወይም እዚያው አጠገብ ስለሚቆይ፣ ቅጠሉ ቢረገጥ እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከዘገየ አገዳው ይሰበራል፤ ወደ መስመሩ መሃል የተዘረጋው ሥርም ይቆረጣል፣ ሰብሉም በደረቅ ሳምንት ይጠወልጋል። ከቸኮለ ደግሞ ትንሹ ቡቃያ በአፈር ይቀበራል።

እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል። ከ10 ሴ.ሜ ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጥቶ መጨበጥ፣ ከዚያ በአውራ ጣት መጫን። ድቡልቡሉ ከፈረሰ ይታረስ፤ እንደ ጭቃ ከተለጠፈ አንድ ሁለት ቀን ይጠበቅ። ጨርሶ ካልተጨበጠ ዝናብ መጠበቅ ነው፤ በደረቅ መሬት የሚወጣው ጓል ሥሩን ገልጦ ለፀሐይ ያጋልጣል። ዩሪያ የሚጨመረውም ከሽልሻሎው ጋር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከተክሉ ጎን ተበትኖ ወዲያው አፈር ይለብሳል። በሬዎቹ ግን አፋቸው ካልታፈነ ግማሹን ቡቃያ ይግጡታል።

በብትን በተዘራ ማሳ ማረሻው በመንገዱ ያገኘውን ቡቃያ ነቅሎ ሰብሉን ያሳሳል። ይህ ደግ ነው፣ እርጥበት ያነሰው አፈር ብዙ ተክል አይመግብምና። በመስመር ሲዘራ በ75 በ15 ሴ.ሜ ርቀት በሄክታር ወደ 89 ሺህ ማሽላ ይቆማል። በተክሎቹ መካከል የቀረው አረም በእጅ መነቀል አለበት። አቀንጭራን፣ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ጥገኛ አረም፣ ሽልሻሎ ያጠፋዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ከአፈር በላይ ሳይታይ በፊት ሥሩን ይዞ ይጎዳል፣ ብዙውም የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሳያብብ ይነቀል።

አሸዋማ መሬት ላይ መደቡ ቶሎ ይፈርሳል፣ በየዝናቡ መጠገን ይፈልጋል። ዋልካ ተቃራኒው ነው፤ ከራሰ በኋላ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ዝናቡ ተከታትሎ ቦዩ ከአንድ ቀን በላይ ከቋጠረ መዝጊያዎቹን ከታች ጀምሮ በዶማ መክፈት ያስፈልጋል። ማሽላ ጥቂት ይታገሣል፤ በቆሎ ግን ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል።

የተነቀለው ቡቃያ ለከብት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር ይታሰብ። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ድርቅ የመታው፣ ሳያናይድ የሚያመነጭ መርዝ አለው። የራበው ከብት በብዛት ከበላው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በፀሐይ በደንብ ደርቆ፣ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ።