ስማርት መነጽር ምንድን ነው? ስልካችንንስ ይተካዋል?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአፕል ከፍተኛ ኃላፊ ኤዲ ኪው አሜሪካ ውስጥ በጉግል ላይ በተመሠረተ ክስ ለምስክርነት ቀርቦ ነበር። እዚያ ላይ ከአሥር ዓመት በኋላ አይፎን ላያስፈልግ ይችላል አለ። ይህን ያለው ስልኩን ከሚሸጠው ድርጅት የመጣ ሰው ስለሆነ ነገሩን ችላ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ ቦታውን ማን ይይዛል? ዕጩው ብዙ ነው። ዛሬ ሰው እየገዛው ያለው፣ ከሁሉም ወደፊት የሄደውም ስማርት መነጽር ነውና እሱን እንየው።

ስማርት መነጽር ከውጭ ሲያዩት ተራ መነጽር ነው። ውስጡ ግን ካሜራ፣ ማይክ፣ ትንንሽ ስፒከሮች፣ ባትሪና ቺፕ አለው። ቀለል ያለው ዓይነት ስክሪን የለውም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የሬይባን መነጽር ባለቤት ከሆነው ከኤሲሎርሉክሶቲካ ጋር ሆኖ በ2023 ያወጣው እንዲህ ያለ ነበር፤ ዋጋውም ከ299 ዶላር ይጀምር ነበር። ፎቶ ያነሳል፣ ስልክ ያስነጋግራል፣ ሙዚቃ ያሰማል። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ነገር «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ አይቶ በጆሯችሁ ይመልሳል። አብዛኛውን የሚያደርገው ግን ኪስ ውስጥ ካለ ስልክ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቶ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሌንሱ ላይ ጽሑፍና ምስል ያሳያል። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ጣታችሁን ከዓይናችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ብታዩት ብዥ ይላል። ሌንሱም እዚያው ርቀት ላይ ነው ያለው። ታዲያ እላዩ ላይ ያለ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

ጽሑፉ በእርግጥ ሌንሱ ላይ የለም። በመነጽሩ ጎን በጣም ትንሽ ፕሮጀክተር ተቀምጣለች። ብርሃኗን ወደ ሌንሱ ታስገባለች። ብርሃኑ በሁለቱ የሌንሱ ገጾች መካከል እየነጠረ ይጓዛል። ዓይን ፊት ሲደርስ በሌንሱ ውስጥ የተሠሩ ጥቃቅን መስታወቶች ወይም ጭረቶች ወደ ዓይን ይመልሱታል። ጨረሩ ዓይን ውስጥ የሚገባው ከሩቅ እንደመጣ ሆኖ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ራቅ ብሎ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ዓይንም ሳይጨነቅ ያነበዋል።

በሴፕቴምበር 2025 ሜታ ይፋ ያደረገው ባለ ስክሪን መነጽር በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ዋጋው 799 ዶላር። መልእክት ያሳያል፣ መንገድ ይመራል፣ የሚያነጋግራችሁ ሰው የሚለውንም በጽሑፍ ያወጣል። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጆሯቸው የደከመ አባት የልጃቸውን ፊት እያዩ የምትለውን ማንበብ ቢችሉ፣ ስልክ እስከ ዛሬ ያላደረገው ነገር ነው።

መነጽር ላይ የሚነካ ስክሪን የለም፤ እንዴት ይታዘዛል? በድምፅ ይቻላል። ታክሲ ውስጥ ሰው መሐል ተቀምጦ ከመነጽር ጋር ማውራት ግን ለማንም አይመችም። ለዚህ ነው አብሮ የእጅ አምባር የሚሸጠው። ጣት ለማንቀሳቀስ ከነርቭ ወደ ክንድ ጡንቻ ምልክት ሲሄድ ጡንቻው ደካማ ኤሌክትሪክ ያወጣል። አምባሩ ያን ከቆዳ ላይ ያነበዋል። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ማነካካት እንደ «ክሊክ» ይቆጠራል። እጅን ማንሳት እንኳ አያስፈልግም።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ከዚህ በፊት ስልክን እንተካለን ብለው የወደቁ አሉ። ጉግል በ2013 ካሜራ ያለው መነጽር በ1,500 ዶላር ሸጠ። ሰዎች ሳያውቁ መቀረጽን ጠሉ፤ አንዳንድ መጠጥ ቤቶችም ከለከሉት። በ2015 ለተራው ሸማች መሸጡ ቆመ። በ2024 ደግሞ ሂዩሜን የተባለ ድርጅት ልብስ ላይ የሚለጠፍ፣ መዳፍ ላይ በሌዘር ጽሑፍ የሚያበራ ዕቃ በ699 ዶላር አወጣ፤ በዚያ ላይ በየወሩ 24 ዶላር ነበረው። ዓመት ሳይሞላው ንብረቱ ለኤችፒ ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ዕቃው በኢንተርኔት የሚገናኘው የድርጅቱ ሰርቨር ሲዘጋ የሰው ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ከዋና ሥራው ውጪ ሆነ።

ዋናው ችግር ግን ክብደትና ሙቀት ነው። ተራ መነጽር ከ50 ግራም ካለፈ አፍንጫ ላይ መክበድ ይጀምራል። የዘመኑ ስልክ ባትሪ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ጠንካራ ቺፕ ቢገባበት ይግላል፤ የጋለ ነገር ደግሞ ሰው ጆሮው ላይ አድርጎ አይውልም። ሜታ በ2024 ያሳየው ኦሪየን የተባለ የሙከራ መነጽር 98 ግራም ነበር። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ስሌት የሚሠራለት ሌላ ሣጥን ኪስ ውስጥ ይፈልጋል። ፊት ላይ የሚታሰረው የአፕል ቪዥን ፕሮ ከ600 ግራም ያልፋል፤ ባትሪው በገመድ ተያይዞ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ስልክ ቶሎ አይሞትም። ኪስ ውስጥ ገብቶ የመነጽሩ ሞተር ይሆናል፤ ከእጃችን ግን ቀስ በቀስ ይወጣል። ማየቱን መነጽሩ፣ መንካቱን አምባሩ ይወስዱታል። ረጅም ጽሑፍ መጻፍና ፊልም ማየት ስልኩ ላይ የሚቀሩ ይመስለኛል።

ለእኛ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስለተሠራልን ማሽኑ አማርኛ ባይሰማም እንጽፍበታለን። መነጽር ኪቦርድ የለውም፤ በአብዛኛው የሚሠራው በመስማት ነው። የሜታ መነጽር የቀጥታ ትርጉም ሲጀምር በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ነበር። አማርኛ አልነበረበትም። ዋሽንግተን ያለች እናት ከሐኪሟ ጋር ስትነጋገር የሐኪሙ ቃል በአማርኛ ፊት ለፊቷ ቢወጣላት ከማንም በላይ የምትጠቀመው እሷ ናት። ለዚያ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ ሞዴል፣ ማለትም ንግግር እንዲለይ የሠለጠነ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሞዴሉን ለማሠልጠንም ከልዩ ልዩ አካባቢ፣ ከሽማግሌም ከልጅም የተቀዳ፣ በጽሑፍ የተገለበጠ ብዙ ሰዓት ንግግር ይፈልጋል። ይህን ሥራ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ዛሬ ሊጀምሩት ይገባል፤ የሬዲዮ መዛግብት ውስጥ የተኛው ድምፅ ብቻ እንኳ ትልቅ መነሻ ነው።

አሁኑኑ ልግዛ ወይ ለሚል ሰው፦ ጥሩ ካሜራና ጆሮ የማይደፍን ማዳመጫ ፈልጋችሁ ከሆነ ስክሪን የሌለው ይበቃችኋል። ስልኬን ትቼ ልውጣ ብላችሁ ከሆነ ግን ጠብቁ። ከገዛችሁም ካሜራው ሲቀርጽ የምትበራውን ትንሽ መብራት አትሸፍኑ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤትም ስትገቡ አውልቁት።