ሰይፍ ሳይመዝ ጃፓንን የገዛው መስፍን፦ ስለ ሚቺናጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጥንቷ ጃፓን ስትነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ሳሙራይ ነው። ከሀገሪቱ ኃያላን አንዱ የሆነው ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ (966–1028፣ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግን ሠራዊት መርቶ አያውቅም። ስለ እርሱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር መታረም አለበት።

«የጦር መሪ ነበር።» አልነበረም። ሄያን በተባለችው መዲና፣ በዛሬዋ ክዮቶ፣ የኖረ የቤተ መንግሥት ሰው ነው። የጦረኞች መንግሥት በካማኩራ የቆመው እርሱ ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእርሱ ዘመን ጦረኞች ደጅ ጠኚዎች ነበሩ። የተቃጠለው መኖሪያው በ1018 እንደገና ሲሠራ፣ ስመ ጥሩው ጦረኛ ሚናሞቶ ኖ ዮሪሚትሱ የቤቱን ዕቃ አሟልቶ በእጅ መንሻነት አቅርቦለታል።

«በተንኮል ብቻ ወጣ።» ከታላላቅ ወንድሞቹ በኋላ ተራ የማይደርሰው ልጅ ነበር። በ995 ግን ሁለቱ ታላላቆቹ፣ ሚቺታካና ሚቺካኔ፣ በአንድ ወር ገደማ ልዩነት ሞቱ። የወንድሙ ልጅ ኮሬቺካ ተፎካካሪው ሆኖ ቢነሳም፣ የንጉሠ ነገሥት ኢቺጆ እናት የሆነችው የሚቺናጋ እህት ሴንሺ ለወንድሟ ወገነች። በማግስቱ ዓመት የኮሬቺካ ሰዎች ከዙፋን በወረዱት በካዛን ላይ ቀስት ወረወሩ፤ ኮሬቺካም ተጋዘ። ሚቺናጋን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ዓይናቸው እየጠፋ የነበሩትን ንጉሠ ነገሥት ሳንጆን ወጥሮ በ1016 ዙፋን አስለቅቋቸዋል፤ በምትካቸውም ሕፃን የልጅ ልጁን አነገሠ።

«ካምፓኩ ነበር።» ካምፓኩ ማለት ለአካለ መጠን የደረሰ ንጉሠ ነገሥት እንደራሴ ነው። የኋላ ሰዎች በዚህ ማዕረግ ቢጠሩትም አንድም ቀን አልያዘውም። የሕፃኑ ንጉሥ ሞግዚት እንደራሴ የሆነውም ለአንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት 20 ዓመት ያህል የግራ ሚኒስትር ሆኖ ቆየ። ይህን ምርጫውን እጅግ አደንቃለሁ፤ የግራ ሚኒስትሩ የመኳንንቱን ጉባኤ ይመራ ነበርና፣ ውሳኔው ሲረቅ ከምንጩ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እውነተኛ ጉልበቱ ግን ሴቶች ልጆቹ ነበሩ። አራቱን ለነገሥታትና ለአልጋ ወራሾች ዳረ፤ ሦስት ነገሥታትም የልጅ ልጆቹ ሆኑ። ታላቋን ልጁን ሾሺን እንድታገለግል ያስገባት ሴት ደግሞ ደራሲዋ ሙራሳኪ ሺኪቡ ናት።

«ትዕቢቱን በገዛ እጁ ጻፈ።» ሦስተኛ ልጁ እቴጌ በሆነችበት በ1018 ግብዣ ላይ፣ ዓለም የእኔ ናት፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ ምንም አልጎደለኝም የሚል ግጥም አሰምቷል። ግጥሙን መዝግቦ ያቆየን ግን ሲተቸው የኖረው ሹም ሳኔሱኬ ነው። ሚቺናጋ በራሱ የዕለት ማስታወሻ ግጥም ማሰማቱን ብቻ ጠቅሶ አልፏል። ስለዚህ መኩራራቱ እውነት ቢሆንም፣ ለትውልድ ላስቀምጠው ብሎ አልጻፈውም።

«በተድላ ኖሮ በተድላ ሞተ።» ግጥሙን ባሰማበት ወቅት እንኳ ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ ምልክቶቹን የመረመሩ ሰዎች የስኳር በሽታ ነው ይላሉ። በ1019 መነኮሰ። ልጁ ኪሺ በ1025፣ ኬንሺ በ1027 ሞቱበት፤ እርሱም ጥቂት ወራት ቆይቶ ተከተላቸው።

«ኃይሉን ጦርነት ሰበረው።» ልጁ ዮሪሚቺ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እንደራሴ ሆኖ ገዛ። ነገር ግን ለቤተ መንግሥት የሰጣቸው ሴቶች ልጆች ወንድ አልጋ ወራሽ አልወለዱም። በ1068 እናታቸው ከፉጂዋራ ቤት ያልሆኑት ጎ-ሳንጆ ነገሡ። ስለዚህ ኃይሉን የሰበረው ጦርነት ሳይሆን የወራሽ እጦት ነው።