ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ምንድን ነው?

ዲጂታል ማርኬቲንግ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ፍሪላንስ (ለደንበኞች በራስ መሥራት) ይሻላል ወይስ ሪሞት (ከርቀት ሆኖ) መቀጠር?» እኔ ደግሞ መጀመሪያ ውላቸውን አሳዩኝ እላለሁ። ከውጭ ኩባንያ «ሪሞት ሥራ አገኘሁ» ብለው ደስ ካላቸው ውስጥ ብዙዎቹ በወረቀት ላይ ተቀጣሪ አይደሉም። ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ናቸው።

ኮንትራክተር ማለት አገልግሎቱን በራሱ ስም የሚሸጥ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ከቡድኑ ጋር ስብሰባ ይገባል። የኩባንያው ኢሜይል አለው። የፌስቡክና የጉግል ማስታወቂያዎችን እንደማንኛውም ሠራተኛ ያስተዳድራል። በውሉ ግን አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ፍሪላንሰር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በርሊን ወይም ቴክሳስ ያለ ኩባንያ አዲስ አበባ ያለን ሰው በወጉ ልቅጠር ቢል የግብር እና የጡረታ ጣጣ ውስጥ ይገባል። አለዚያ እሱን ተክቶ የሚቀጥር፣ ኢምፕሎየር ኦፍ ሪከርድ የሚባል ድርጅት መፈለግ አለበት። ያ ደግሞ በየወሩ ያስከፍላል። የኮንትራክተር ውል በአንድ ፊርማ ያልቃል። «በየወሩ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ላክ» ከተባላችሁ፣ የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ደብሊው 8 ቤን የሚባለውን፣ የውጭ አገር ሰው መሆናችሁን ለግብር የሚገልጸውን ቅጽ «ሙሉ» ካላችሁ፣ የሚከፈላችሁ ደመወዝ አይደለም ማለት ነው። ግብሩንም የምታሳውቁት ራሳችሁ ናችሁ።

ልዩነቱ የሚሰማው ስትታመሙ ነው። እኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት በኮንትራክተርነት ስሠራ ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። የዚያ ወር ክፍያ ግማሽ ሆኖ መጣ። ማንም አልበደለኝም፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ተቀጣሪ ብሆን ኖሮ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው የሕመም ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ይከፈሉኝ ነበር።

በተግባር እናስላው። 600 ዶላር በወር ቀረበላችሁ እንበል። በዓመት 7,200 ይሆናል። ተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ወሩን በ22 የሥራ ቀን ብታሰሉት፣ የእነዚያ ቀናት ዋጋ ወደ 436 ዶላር ነው። አሠሪ ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ደግሞ 792 ዶላር ይሆናል። ሁለቱ ሲቀነሱ የቀረው በወር ሲካፈል ከ500 ዶላር ብዙም አይርቅም። ኢንተርኔቱን፣ መብራት ሲጠፋ የምትሮጡበትን ካፌ ገና አልቆጠርንም። ስለዚህ 600 ዶላሩን ከአገር ውስጥ ደመወዝ ጋር ስታወዳድሩ 600 ብላችሁ አትያዙት።

ይህን ስል ኮንትራክተርነት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዋጋውን አውቆ ለገባበት ጥሩ ነው። ለጀማሪ ግን፣ ደመወዙ ቢያንስም፣ እውነተኛ ቅጥር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይህ ሙያ በማስታወቂያ በጀት ነው የሚለመደው። በኪሳችሁ ልትሞክሩት የማትችሉትን ገንዘብ በድርጅቱ በጀት ትሞክራላችሁ፤ ስትሳሳቱም ከጎናችሁ የሚያርም ሰው አለ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት አንቀጾች ፈልጉ። አንደኛው ውሉ ሲቋረጥ ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገራል የሚለው ነው። ሰባት ቀን ካለ 30 እንዲሆን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ሁለተኛው ሌላ ደንበኛ እንዳትይዙ የሚከለክለው ነው። ፈቃድ አልሰጥም፣ ሲያማችሁም አልከፍልም የሚል ኩባንያ ሌላ እንጀራ እንዳትፈልጉ ሊከለክላችሁ አይገባም። ያ አንቀጽ ይውጣ በሏቸው። አይወጣም ካሉ ዋጋችሁን ጨምሩበት።