10,000 ዶላር፣ ግሪን ካርድና «ሙሉ ውክልና»፦ የሰማነውና እውነቱ

አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ስለ ገንዘብና ስለ ጉዞ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የሰማነው ከሰው ነው። ቡና ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት። ምክሩ የሚሰጠው በቅን ልብ ነው። ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይዛባል፤ የተዛባ ምክር ደግሞ የለፋችሁበትን ገንዘብ ያስወስዳል። በተለይ 10,000 ዶላር የምትባለው ቁጥር ስንቱን እንዳስጨነቀች አይቻለሁ። ቁጥሯ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ውስጥ አለች። እኛ ግን አንድ ላይ ቀላቅለናቸዋል።

«ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ከአሜሪካ መውጣት ክልክል ነው»

ክልክል አይደለም። ከፈለጋችሁ 50,000 ይዛችሁ ውጡ። ሕጉ የሚለው «ከ10,000 ካለፈ አሳውቁ» ብቻ ነው። የሚሞላው ቅጽ ፊንሰን 105 ይባላል። ለአሜሪካ ጉምሩክ ይሰጣል፤ ቀረጥ አያስከፍልም። ጥፋት የሚሆነው መደበቁ ነው። ያላሳወቀ ሰው ገንዘቡ በሙሉ ሊወረስበት ይችላል።

«እንግዲያው እኔ 6,000፣ ባለቤቴ 6,000 እንያዝ» የሚሉም አሉ። አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘብ አንድ ላይ ነው የሚደመረው። ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል አይቻልም። ዩሮም ፓውንድም ይቆጠራል።

የአሜሪካውን ቅጽ መሙላት ደግሞ ቦሌ ላይ ያለውን አይተካም። የኢትዮጵያ ጉምሩክ የራሱ ሕግ አለው፤ መጠኑም በየጊዜው ይለወጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ቦሌ ስትገቡ የሞላችሁትን ወረቀት እስክትመለሱ ድረስ አትጣሉት።

«ባንክ ስታስገባ ከፋፍለህ አስገባ»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ንጹሕ ሰው ወንጀል ውስጥ የሚገባበት ምክር ነውና።

ዕቁብ ደረሳችሁ እንበል። 15,000 ዶላር፣ ጥሬ ገንዘብ። ባንኩ በአንድ ቀን ከ10,000 በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱን የሚሞላው ባንኩ ራሱ ነው። እናንተ መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ከየት እንደመጣ ብትጠየቁ «የዕቁብ ነው» ትላላችሁ፣ በቃ። በየቀኑ ብዙ ሰው ላይ የሚሞላ ተራ ወረቀት ነው። ያንኑ ገንዘብ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ ዛሬ 5,000፣ ነገ 5,000፣ ከነገ ወዲያ 5,000 ካስገባችሁ ግን እሱ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ገንዘቡ ላባችሁ ቢሆንም ወንጀል ነው። የዕቁቡን ዝርዝርና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ያዙ፤ ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ አስገቡ።

«አገር ቤት ያለው ሂሳቤ በብር ነው፤ አሜሪካን አያገባትም»

ያገባታል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሏችሁ ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ በተለምዶ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት መላክ ግዴታ ነው። በብር ይሁን በዶላር ለውጥ የለውም። በዓመቱ ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛው መጠን ተወስዶ በዓመቱ መጨረሻ ምንዛሪ ይሰላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። «ሂሳቡ የእናቴ ነው፣ እኔ ፈራሚ ብቻ ነኝ» ይላል። ፈራሚነትም ይቆጠራል።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት 1 ሚሊዮን ብር ከ17,000 ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ከ10,000 በታች ነው። ስለዚህ አሁን የማይመለከተው ሰው ያኔ ይመለከተው ነበር፤ የድሮው ዓመት ግዴታም ምንዛሪው ስለተቀየረ አይሰረዝም።

ኤፍባር ግብር አይደለም። በኢንተርኔት በነፃ ይላካል። የሚላከው ለአይአርኤስ ከምትሰጡት የግብር ወረቀት ተለይቶ ነው። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፤ ያመለጠው ሳይጠይቅ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘምለታል። ቅጣቱ ግን ቀላል አይደለም። ሳያውቅ ያላሳወቀ ሰው እንኳ ከ10,000 ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያውቁ ላጠፉ ሰዎች ቅጣቱ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ሂሳብ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዓመት ሪፖርት ነው ብሎ ወስኗል። ለብዙ ሰው እፎይታ ነው። ያለፈ ዓመት ያልላካችሁት ካለ ሳትጠየቁ የግብር ባለሙያ አማክሩ። ወለድ ካገኛችሁበት ደግሞ እሱ ገቢ ነው፤ በግብር ወረቀታችሁ ላይ ይጻፋል።

በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት የሚከፈተው የብር ሂሳብ ብቻ አይደለም። ውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዶላር፣ በዩሮና በፓውንድ መክፈት እንችላለን።

«ለቤተሰብ የምንልከው ላይ ሁሉ ግብር ተጣለበት»

ሁሉም ላይ አይደለም። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ 1 በመቶ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺርስ ቼክ ለሚላክ ነው። ከአሜሪካ የባንክ ሂሳባችሁ ወይም እዚሁ ከተሰጣችሁ የባንክ ካርድ ከላካችሁ ይህ ግብር የለባችሁም። ሱቅ ሄዳችሁ ጥሬ ገንዘብ መስጠት የለመዳችሁ ብታስቡበት ጥሩ ነው።

«በየስድስት ወሩ ብቅ ካልኩ ግሪን ካርዴ አይነካም»

እናቶቻችንንና አባቶቻችንን በጣም የሚጎዳ ነገር ነው። ልጆች ወረቀት ያወጡላቸዋል። እነሱ ልባቸው አገር ቤት ነው። አምስት ወር ተኩል እዚያ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ሳምንት እዚህ ይመጣሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ኤርፖርት ላይ መኮንኑ «እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?» ይላቸዋል።

ሕጉ የሚያየው ይህንን ጥያቄ ነው። ቤታችሁ፣ ሥራችሁ፣ ግብራችሁ፣ ኑሯችሁ የት ነው? ከስድስት ወር በታች መቆየት በራሱ ዋስትና አይሆንም። ከ180 ቀን ሲያልፍ ጥያቄው ይጠነክራል፤ ዜግነት ለመጠየቅ የሚቆጠረውንም ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ ብቻውን አያስገባም። ረዘም ላለ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሪኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም የመመለሻ ፈቃድ፣ ያውጣ። የሚጠየቀው በአይ-131 ቅጽ ነው። ማመልከቻው ሲገባ አሜሪካ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል። እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ለወላጆቻችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። ኤርፖርት ላይ «ግሪን ካርዴን በፈቃዴ መልሻለሁ» የሚል አይ-407 የተባለ ቅጽ ቢቀርብላቸው የመፈረም ግዴታ የለባቸውም። በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ልቅረብ ማለት መብታቸው ነው።

«ዜግነት ብቀይርም የድሮው ፓስፖርቴ ይሠራል»

አይሠራም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ወይ ቪዛ፣ ወይ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ያስፈልጋችኋል። ቢጫ ካርድ ያለው ያለ ቪዛ ይገባል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው የሚጓዙ ልጆችም እንዲሁ የየራሳቸው ያስፈልጋቸዋል።

«ለወንድሜ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ፤ ቤቱን ይሸጥልኛል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለቴ ይከፍላል፤ አንዴ ለመጀመሪያው ውክልና፣ አንዴ ለማስተካከያው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ቤት ማሳደስ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስ ግን ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት። ባንኮችም «ሂሳብ ያንቀሳቅስ፣ ገንዘብ ያውጣ» የሚለውን በግልጽ ተጽፎ ማየት ይፈልጋሉ።

ግን ደግሞ ከፍርሃት ተነስታችሁ ሁሉንም ነገር አታስገቡ። ኪራይ ለሚሰበስብ ሰው የመሸጥ ሥልጣን ለምን? በፈለጋችሁ ጊዜ ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ፤ ስትሽሩ ግን ባንኩንም የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትም አሳውቁ። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። አባት ካረፉ በኋላ በእሳቸው ውክልና መሥራት የመቀጠል ነገር ወራሾችን ፍርድ ቤት ያቆማል።

«ቲኬቱ ሰኞ ይላል፤ ሰኞ ማታ እንሄዳለን»

እህቴን በዚህ ምክንያት በረራ አምልጧታል። ቲኬቱ ሰኞ ጃንዋሪ 5፣ 00:40 ይላል። እሷ ሰኞ ማታ ሻንጣዋን ይዛ ደረሰች። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነበር። በፈረንጆች ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ስለዚህ 00:40 ማለት በእኛ ሰዓት እሁድ ሌሊት 6:40 ነው። ለሚሸኛችሁም ለሚቀበላችሁም ሰው «እሁድ ለሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ ንገሩ፤ ሻንጣውም እሁድ ማታ መኪና ላይ ይጫን።